መጽሐፉን ሳይሆን ዛቻውን ከቤት ያውጡ

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ የ14 ዓመት ልጄ ትምህርቱን ችላ ብሎ ሌሊት ሌሊት አንድ ልብ ወለድ ያነባል። ታሪኩ በደሴት ላይ ካለ የአጥፊ ልጆች ማረሚያ ትምህርት ቤት ለማምለጥ ስለሚዶልቱ ልጆች ነው። አባቱ በተቆጣ ቁጥር «ቆይ፣ ሰው ወደሚያደርጉህ ቦታ ነው የምልክህ» ይለዋል። ሰሞኑን የሒሳብ ደብተሩን ብከፍት የደሴት ካርታ ስሎ፣ ከሥሩ «ዳቦ ቆሎ፣ ባትሪ፣ ገመድ፣ 500 ብር» ብሎ ጽፏል። መጽሐፉን ልቀማው?

መልስ፦ አይቀሙት፣ እህቴ። «እልክሃለሁ» እየተባለ የሚያድግ ልጅ፣ ተልከው የደረሱት ምን እንደገጠማቸው ማወቅ ቢፈልግ አይፈረድበትም። በዚህ ዕድሜ «ፈራሁ» ማለት ያሳፍራል፤ በሌላ ልጅ ታሪክ ውስጥ ተደብቆ መፍራት ግን ይቻላል።

እንዲህ ያለ ቦታ በእውንም ነበር። በኖርዌይ፣ ባስቶይ በምትባል ደሴት፣ እ.ኤ.አ. በ1900 የወንዶች ልጆች ማረሚያ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። በ1915 ልጆቹ አመፁ፤ አመፁ የበረደው ወታደር ተልኮ ነው። ይህን ለባለቤትዎ ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። ሰው የሚያደርገው ዱላ ነው ብለው ከሆነ ሕጉ አይደግፋቸውም።

ካርታው ጨዋታ ሊሆን ይችላል። እኔን ያሳሰበኝ ዳቦ ቆሎውና ብሩ ነው። ዳቦ ቆሎ የመንገድ ስንቅ ነው፤ ከወሎ ለመጥፋት ደግሞ ጀልባ አያስፈልግም። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ አፋር የሚወርደው መንገድ ጅቡቲ ድረስ ይወስዳል፤ ከዚያ ወዲያ ባሕር ነው። በዚያ መንገድ ስንት የጎረቤት ልጅ እንደወጣ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ስለዚህ ሳይቆጡ፣ በቀጥታ ይጠይቁት፦ «ልትሄድ አስበህ ነበር? ከማን ጋር? ብሩን ከየት ልታመጣ?» ስለጠየቁት ብቻ ተነሥቶ አይሄድም። የደላላ ወይም የሚያግባባውን ሰው ስም ከጠራ ግን ነገሩ ከልብ ወለድ አልፏልና ውለው ሳያድሩ ለአባቱ ይንገሩ።

ዛቻውን ማንሳት ያለባቸው የዛቱት ናቸው። እርስዎ «አባትህ እኮ ሊያስፈራራህ ብሎ ነው» ቢሉት አያምንዎትም። አባቱ ራሳቸው «የትም አልልክህም፤ ተናድጄ ነው የተናገርሁት» ካሉት ይበቃል። ለብዙ አባት ይህ ቃል ከአፍ አይወጣም፤ ስንቱን አይቻለሁ። እምቢ ካሉ የሚሰሙትን ሰው፣ ሼኩም ይሁኑ ቄሱ ወይም ታላቅ ወንድማቸው፣ መሐል ያስገቡ። ሙግቱ ግን በልጁ ፊት አይሁን።

መጽሐፉን ተውሰውት ያንብቡት። ከዚያ ቡና ሲፈላ አጠገብዎ አስቀምጠው ከልጆቹ የትኛው እንደሚያሳዝነው ይጠይቁት። ማውራት ከጀመረ አያቋርጡት፤ የሒሳቡን ውጤት የዚያን ዕለት ፈጽሞ አያንሡበት።