ጤነኛውስ?

ልጆቼ፣ የምጽፍላችሁ ከየካ አባዶ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ኑሮዬ እዚሁ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መብራት ጠፍቷል፤ ውጭ ውሾቹ ይጮኻሉ።

ሰሞኑን ላብራቶሪ የምትማር የጎረቤቴ ልጅ መጥታ፣ "ጋሼ፣ የመልቲፕል ስክሌሮሲስ ሕመምተኞች ደም ውስጥ ማይሊንን የሚያጠቁ ቲ ሴሎች ተገኝተዋል። በቃ፣ መንስኤው ታወቀ አይደል?" አለችኝ። ሳቅሁ። በእሷ ዕድሜ እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

ቲ ሴል ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከል የነጭ ደም ሴል ዓይነት ነው። ማይሊን ደግሞ በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ነርቮችን የሚሸፍን ቅባታማ ልባስ ነው። በመልቲፕል ስክሌሮሲስ ልባሱ ይላጣል። አንዱ ዓይኑ ይደበዝዝበታል፣ ሌላው እግሩ ይደነዝዝበታል።

ውጭ አገር ስማር የሕመምተኛ የደም ሴሎችን ከማይሊን ፕሮቲን ጋር እናቆያቸውና መባዛታቸውን እንለካ ነበር። የመጀመሪያው ውጤት ሲወጣ ጮቤ ረገጥኩ። አለቃዬ ወረቀቱን አየት አደረገና "ጤነኛውስ?" አለኝ። ጤነኛ አላስገባሁም፤ ቸኩዬ ነበር። በማግስቱ እጅጌዬን ሰብስቤ የራሴን ደም ሰጠሁ። የእኔም ሴሎች ተባዙ! ያን ሌሊት የእግሬን ጣቶች እያንቀሳቀስኩ አደርኩ። ይኸው ከ30 ዓመት በኋላም ደረጃውን የምወጣው በእግሬ ነው።

ታይመስ የሚባለው እጢ የገዛ አካልን የሚያጠቁ ሴሎችን ገና ሲፈጠሩ ያስወግዳል፤ ግን ሁሉንም አይደለም። ያመለጡት በጤነኛ ሰው ደም ውስጥም አሉ። አብዛኞቹ እንደተኙ ይኖራሉ፤ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎችም ልጓማቸውን ይይዛሉ። ሕመምተኛው ጋ ግን ቀድመው የነቁት ይበዛሉ። የነቃ ሴል የደም ሥሩን ግድግዳ አልፎ አንጎል ይገባል፣ ማይሊኑን ሲያገኝ ሌሎችን ይጠራል። ስለዚህ "አሉ ወይ?" ብላችሁ አትቁሙ። ማን ቀሰቀሳቸው?

ውሾቹን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ልጅ ሳለሁ ውሻ ነክሶኝ ሆዴ ላይ በየቀኑ ተወግቻለሁ። ያኔ የእብድ ውሻ ክትባት የሚሠራው ከበግ አንጎል ነበር። አንጎል ውስጥ ደግሞ ማይሊን አለ። ከተከተቡት ጥቂቶቹ፣ እጅግ ጥቂቶቹ፣ ሰውነታቸው የራሱን ማይሊን አጥቅቶ ሽባ ሆነዋል። ብዙዎቻችን ግን ሆዳችን አብጦ ከማልቀስ በቀር ምንም አልሆንንም። ያው መርፌ፣ ሌላ ሰው፣ ሌላ ውጤት።

እኛ ቲ ሴል ላይ አፍጥጠን ስንቀር ደግሞ ሌላው የመከላከያ ሴል፣ ቢ ሴል፣ ብቅ አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የፈቀደችው ኦክሬሊዙማብ የተባለ መድኃኒት የሚያነጣጥረው ቢ ሴልን ነው፤ የበሽታውን ማገርሸት በደንብ ቀንሷል። እኔ ዕድሜ ልኬን ለቲ ሴል ጥብቅና የቆምኩት ሰውዬ ትንሽ አፍሬያለሁ። አይገድልም። ውጤት ሲያምርባችሁ ግን፣ ለሰው ከማውራታችሁ በፊት፣ ጤነኛውን ለኩ።

ልጅቷ እጅ አልሰጠችም። "በ2022 የታተመውስ? ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮች ተጠንተው፣ ኤፕስቲን ባር ቫይረስ የያዛቸው በበሽታው የመጠቃት ዕድላቸው 32 እጥፍ ሆኗል" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ጠንካራ ማስረጃ ነው። "ቫይረሱን ስንቱ ጤነኛ ሰው ተሸክሞታል?" አልኳት። ስልኳን አወጣች፤ ኔትወርክ የለም። ከ100 አዋቂ 95 ያህሉ መሆኑን ነገርኳት።

ዝም ብላ ሻማውን አየች። "እኔም አለብኝ ማለት ነው?"

"ሳይኖርብሽ አይቀርም፣ ልጄ" አልኳት።