ሸለምጥማጥ አይደለም

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ባሕር ዳር ቤቴ ድረስ መጣች። የልጆች ተረት ትጽፋለች። አሁን የያዘችው ሶቦል ስለሚባል የሳይቤሪያ አውሬ ነው። «ጋሼ፣ ልጆቹ እንዲገባቸው ሸለምጥማጥ ብዬ ብጠራው ምን ይመስልዎታል?» አለችኝ።

ይህንኑ ነገር እኔ በ1975 ዓ.ም. አድርጌዋለሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ያኔ ቡሬ አጠገብ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። አንድ የሳይቤሪያ ተረት ከእንግሊዝኛ ተርጉሜ ለክፍሉ አነበብኩ። እንግሊዝኛው ሶቦልን ሴብል ይለዋል። እንዲያ ብጽፈው ከማሳ ሰብል ጋር ይምታታል ብዬ ሸለምጥማጥ አልኩት። ከዚያ ስሙ ራሱ ጎተተኝ። ሸለምጥማጥ ከተባለ ሌባ መሆን አለበት፤ መጽሐፉ ውስጥ የሌለ የዶሮ ቆጥ ከራሴ ጨመርኩ።

ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። አባቱ ንብ አናቢ ነው። «ጋሼ፣ ሸለምጥማጥ ነጠብጣብ አለው፤ ጅራቱም ቀለበት ቀለበት ነው። እርስዎ ያነበቡት ግን አንድ ወጥ ቡናማ ነው። ደግሞ ማር ይልሳል። የእኛን ቀፎ የሚሰብረውን ነው የሚመስለኝ» አለ።

«አንተ ሳይቤሪያን መቼ አየህና!» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ እጁን ሲያወጣ አላየሁም።

ከጥቂት ቀን በኋላ እነሱ ቤት ሄድኩ። ማር ልገዛ እንጂ ይቅርታ ልጠይቅ አልነበረም። ልጁ ምንም ሳይል ከዛፍ ወርዶ የተሰበረ ቀፎ አሳየኝ። ቀፎው በእበት የተለሰነ ነው። ልስኑ ላይ ጭረቶች ጎን ለጎን ወርደዋል፤ አንዱ ውስጥ ትንሿ ጣቴ ገባች። ሰፈፉ መሬት ላይ ተበትኗል፣ እጩ ተለቅሟል። «ሆዱ ጥቁር ነው፤ ጀርባው ላይ ነጠላ የጣለ ይመስላል» አለኝ። ማሩን ተሸክሜ ሄድኩ።

ክረምት ላይ አዲስ አበባ ለሥልጠና ስሄድ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ስለ አጥቢ እንስሳት አነበብኩ። ያ ቀፎ ሰባሪ ሃኒ ባጀር የሚሉት ነው። ከሶቦል ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ሙስቴሊዴ ይባላል። ጣና ውስጥ ዓሣ የሚያድነው ኦተርም የዚያው ቤት ልጅ ነው። ሸለምጥማጥ ግን ወገኑ ከድመትና ከጅብ ነው። ልጁ ልክ ነበር።

መስከረም ላይ ልነግረው አስቤ መጣሁ። ትምህርቱን አቋርጧል። ቤታቸው የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። አልሄድኩም።

ስለ ሶቦል ሳነብ ጥርኝ ትዝ ትለኛለች። ሩሲያውያን ወደ ሳይቤሪያ የገፉት በአብዛኛው ለቆዳ ብለው ነው፤ የአገሩ ሰው ግብሩን በሶቦል ቆዳ ይከፍል ነበር። በእኛ በኩል ደግሞ ዝባድ፣ የጥርኟ ሽቶ፣ በከብት ቀንድ ታጭቆ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ባሶ ገበያ ይወጣ ነበር። አያቴ ለበዓል ከምትቀባው ቅቤ ላይ ዝባድ ጠብ ታደርግ ነበር፤ ጥርኟ ጠባብ ጎጆ ውስጥ ታስራ እንደምትኖር ያወቅኩት አድጌ ነው። ሶቦል በአደን ሊያልቅ ሲል በ1917 እ.ኤ.አ. ባይካል ሐይቅ ዳር የባርጉዚን ጥብቅ ስፍራ ተከለለለት። ለጥርኝስ?

የዛሬ ልጆች ትቸኩላላችሁ። ስልክ ላይ ያገኛችሁትን የመጀመሪያ ስም ትለጥፋላችሁ። ግን ይቺ ልጅ ተነሥታ መጥታ ጠየቀችኝ፤ እኔ በእሷ ዕድሜ ማንንም አልጠየቅኩም። እናም ሶቦል በይው፣ መልኩንና ኑሮውን ጻፊላቸው አልኳት። በተረታችን ጅብን ሆዳም፣ ጦጣን ብልጥ አድርገን ጨርሰናል። ይህንን ደግሞ ሌባ አታድርጊው።

ያላየሽውን አውሬ አትጻፊ ልላት ነበር። ግን እኔም ሶቦል አላየሁም፤ ሆኖም እወደዋለሁ። እናቲቱ በሐምሌ ገደማ ፀንሳ የምትወልደው በሚያዝያ አካባቢ ነው። ፅንሱ ወራት ሙሉ ሳያድግ ይቆያል፤ በረዶው ሊያልፍ ሲል ማደግ ይጀምራል። ለልጅ ከዚህ የበለጠ ምን ተረት አለ?

ልጅቷ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆመች። «ጋሼ፣ የልጁ አባት ያን ቀፎ ሰባሪ በስሙ ምን ይሉት ነበር?» አለችኝ።

አልጠየቅኳቸውም።