አማርኛዬ እንግሊዝኛዬን ይጎትተዋል
የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ዕድሜዬ 44 ነው። ከብዙ ዓመት ሥራ በኋላ ኮሌጅ ገብቼ፣ በምደባ ፈተናው ውጤት መሠረት እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ በሚያስተምረው ክፍል ሦስተኛ ደረጃ ላይ ተመድቤያለሁ። አብረውኝ የሚማሩት ልጆቼ ሊሆኑ የሚችሉ ወጣቶች ናቸው። ጊዜው አልፎብኝ ይሆን?

መልስ፦ አላለፈብዎትም። ለማጽናናት ብቻ የተባለ እንዳይመስልዎ ግን ምክንያቱን ላስረዳ። የቋንቋ ተመራማሪዋ ካትሪን ስኖውና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት፣ ኔዘርላንድስ ገብተው ደች መማር የጀመሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችን በዕድሜ ከፋፍለው ሲከታተሉ፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት ፈጥነው የተራመዱት ከ12 እስከ 15 ዓመት ያሉት ታዳጊዎችና ዐዋቂዎቹ ነበሩ፤ በየፈተናው ወደ ኋላ የቀሩት ደግሞ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉት ሕፃናት ናቸው። ሕፃን ዐዋቂን የሚበልጠው እየዋለ እያደረ ነው፤ ይልቁንም በአነጋገር ቃና። የአማርኛ ቃናዎ ከአንደበትዎ ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል፤ ንግግርዎ ለሰሚው ግልጽ እስከሆነ ድረስ ግን ይህ ማንንም ሊያሳፍር አይገባም።

ከዕድሜዎ ይልቅ ሰዓቱን ቢቆጥሩ ይሻላል። በአውሮፓው የቋንቋ ደረጃ አመዳደብ ቢ1 ከሚባለው መካከለኛ ደረጃ ከፍ ወዳለው ቢ2 ለመሻገር፣ የእንግሊዝኛ ፈተና የሚያዘጋጁት የካምብሪጅ ፈታኞች በግምት 200 ሰዓት ያህል የተመራ ትምህርት ያስፈልጋል ይላሉ። በሳምንት 6 ሰዓት የሚማር ሰው በ15 ሳምንት ሴሚስተር የሚያገኘው 90 ሰዓት ብቻ ነው። እንግዲህ በአንድ ሴሚስተር ደረጃ አልዘለልሁም ብሎ ራሱን ሰነፍ የሚል ተማሪ ራሱን ያለ ጥፋቱ እየወቀሰ ነው።

ጥያቄ፦ በየሳምንቱ የምጽፈው አንቀጽ በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቶ ይመለስልኛል። ሕጉን በቃል ብጠየቅ አልሳሳትም፤ ስጽፍ ግን ይጠፋብኛል። መምህሬ «በአማርኛ እያሰብሽ ነው የምትጽፊው» ይሉኛል። አማርኛውን ከአእምሮዬ እንዴት ላውጣው? ለናሙና ያህል የጻፍሁትን ልኬልዎታለሁ፦ «ማይ ብራዘር ኢዝ ዶክተር። ሂ ወርክ ኢን ቢግ ሆስፒታል። ሂ ሃዝ ስሪ ቻይልድ። የስተርደይ ሂ ሴይድ ሚ አይ ዊል ካም። ሶ አይ ኦፕን ዘ ቲቪ ኤንድ አይ ዌይት።»

መልስ፦ መምህርሽ ያዩት ልክ ነው፤ አማርኛውን ማውጣት ግን አይቻልም፣ ቢቻልም አልመክርሽም ነበር። (እኅቴ፣ አንቺ ያልሁሽ በአጻጻፍሽ ቅርበት ስለተሰማኝ ነውና ይቅርታ አድርጊልኝ።) አንቀጽሽን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ከስሕተቶችሽ መካከል በስንፍና የመጣ አንድም አላገኘሁም፤ ሁሉም አማርኛውን በትክክል ከማወቅሽ የመጡ ናቸው። አንድ በአንድ እንያቸው።

«ወንድሜ ሐኪም ነው» ስንል ከ«ሐኪም» በፊት ምንም አንጨምርም። «አንድ ሐኪም ነው» ብንል እንዲያውም ሌላ ስሜት ይሰጣል። እንግሊዝኛ ግን አንድ የሚቈጠር ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠራ «ኤ» ወይም «ኤን» ካልቀደመው ጎዶሎ ይሆንበታል፤ ስለዚህ «ኤ ዶክተር»፣ «ኤ ቢግ ሆስፒታል»። «ዘ» የሚለውን ቃል አማርኛ በቃሉ መጨረሻ በሚቀጠል ድምፅ ስለሚተካው፣ «ሆስፒታሉ» ማለት በምትችዪበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ «ዘ» ትገባለች። ይህ መፈተኛ ሁልጊዜ አይሠራም፤ ከስሜት ይልቅ ግን ይታመናል።

«ስሪ ቻይልድ» ያልሽው «ሦስት ልጅ አለው» ማለት በአማርኛ ነውር ስለሌለበት ነው። ቁጥሩ ብዛቱን ከተናገረ ስሙ ባይበዛም አማርኛ ይቀበላል፤ እንግሊዝኛ ግን ብዛቱን ሁለት ጊዜ ያስነግርሻል፤ ስለዚህ «ስሪ ቺልድረን»።

«ሂ ወርክ» ላይ የጎደለችው በግሱ መጨረሻ የምትቀጠለው «ስ» ናት፤ «ሂ ወርክስ» መባል ነበረበት። እርሷ በብዙዎች ዘንድ ታስገርማለች፤ አማርኛ ተናጋሪ ግሱን ለእኔ፣ ለአንተ፣ ለአንቺ፣ ለእርሱ፣ ለእርሷ፣ ለእኛ እየለዋወጠ ሲናገር ኖሮ አንዲት «ስ» እንዴት ትከብደዋለች? እኔ የማስበው እንዲህ ነው። በአማርኛ «ይሠራል» ሲባል ሠሪውን የሚነግረን ግሱ ራሱ ስለሆነ «እሱ» ማለት አያስፈልግም። በእንግሊዝኛ ግን «ሂ» አስቀድሞ ሁሉን ተናግሮ ስለጨረሰ፣ ለ«ስ» የቀራት ሥራ የለም፤ አእምሮም ሥራ የሌለውን ነገር ይጥላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የታተሙ ጥናቶችም በልዩ ልዩ ቋንቋ አፋቸውን የፈቱ ተማሪዎች «ኢንግ» የምትለዋን የግስ መድረሻ ቀድመው፣ ይህችን «ስ» ደግሞ ዘግይተው እንደሚቈጣጠሩ አሳይተዋል። ስለዚህ አትጨነቂባት፤ ጽፈሽ ከጨረስሽ በኋላ ግን ለእርሷ ብቻ ብለሽ አንድ ጊዜ አንብቢ።

ይበልጥ ያሳሰበኝ አራተኛው ዐረፍተ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ስሕተቱ ትርጉም ያዛባል። «እመጣለሁ አለኝ» በአማርኛ ጥርት ያለ ንግግር ነው፤ የተናጋሪውን ቃል እንዳለ አምጥተን «አለ» እንጨምርበታለን፤ የሚመጣው ማን እንደሆነም አንጠራጠርም። «ሂ ሴይድ አይ ዊል ካም» የሚለውን የሚያነብ እንግሊዛዊ ግን የምትመጪው አንቺ ነሽ ብሎ ይረዳል። ማስተካከያው «ሂ ሴይድ ሂ ዉድ ካም» ነው። በተጨማሪም «አለኝ»ን እንዳለ ብታዞሪው «ሴይድ ሚ» ይሆናል፤ እንግሊዝኛ ግን ወይ «ቶልድ ሚ» ወይ «ሴይድ ቱ ሚ» ነው የሚለው። ብዙ ተማሪዎቼ ከዓመታት በኋላም የሚያመልጣቸው ይኸው ነው፤ እኔም በተማሪነቴ አንድ መልእክት በዚህ መንገድ አድርሼ፣ የምጠበቀው እኔ ሆኜ ቀጠሮ አበላሽቻለሁ።

ቴሌቪዥን «ክፈት» ስለምንል «ኦፕን» አልሽ፤ እንግሊዝኛው «ተርን ኦን» ነው፤ ትናንት የሆነ ነገር ስለሆነ ደግሞ «ተርንድ ኦን» እና «ዌይትድ»።

እንግዲህ የምመክርሽ አንድ ነገር ነው። ማስታወሻ ደብተርሽን በሁለት ዓምድ ከፍለሽ፣ በቀኝ በኩል መምህርሽ ያረሙትን ዐረፍተ ነገር፣ በግራ በኩል ደግሞ ያንን ስሕተት ያመጣውን የአማርኛ አነጋገር ጻፊ። «ሦስት ልጅ»፣ «እመጣለሁ አለኝ»፣ «ቲቪ ክፈት»። የግራው ዓምድ በፍጥነት አይረዝምም፤ ያው ጥቂት ነገር ይደጋገማልና። የሚቀጥለውን አንቀጽ ከማስረከብሽ በፊት የግራውን ዓምድ ይዘሽ አንብቢው።

ጥያቄ፦ መምህራችን ክፍል ውስጥ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ከልክለውናል። ልክ ናቸው? ደግሞስ ስንት ቃል ባውቅ ይበቃኛል?

መልስ፦ በንግግር ሰዓት መከልከላቸው ይገባኛል፤ ወሬው በየቃሉ ቢቋረጥ ልምምድ አይሆንም። ቤት ውስጥ ስታነብ ግን በአማርኛ ተጠቀም፤ «ኢንፍሌሽን»ን በእንግሊዝኛ ፍቺ ለግማሽ ሰዓት ከመታገል «የዋጋ ግሽበት» ብሎ ማለፍ ጊዜ ይቆጥባል።

ስለ ብዛቱ፦ ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተሙት ዝርዝር 2,000 ያህል የተዘወተሩ የቃል ቤተሰቦችን (አንድን ቃል ከእርሱ ከሚወጡት ቃላት ጋር) ይዟል፤ እነዚህ ብቻቸውን በትምህርታዊ ጽሑፍ ከሚገኙት ቃላት ሦስት አራተኛ ያህሉን ይሸፍናሉ። አቬሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት የትምህርታዊ ቃላት ዝርዝር 570 ቤተሰብ ሲሆን፣ ሌላ 10 በመቶ ይጨምራል። ኮሌጅ ያለ ሰው በዚህ ቅደም ተከተል ቢሄድ ይጠቀማል፤ ያገኘውን ቃል ሁሉ የሚሰበስብ ግን ብርቅ ቃላትን አጥንቶ ዋናዎቹን ይስታል። ቃሉን ስትጽፍ ድምፁንም ጻፍ። ፊደላችን አናባቢውን ሁሉ ስለሚያሳይ እንግሊዝኛም እንደተጻፈ የሚነበብ ይመስለናል፤ ነገር ግን «ፎተግራፍ» የሚለው ቃል ትንሽ ሲረዝም «ፈቶግረፊ» ይሆናል፤ ጕልበቱ ከመጀመሪያው ክፍለ ቃል ወደ ሁለተኛው ዞሮ የቀሩት ደክመዋል። በዓይንህ የምታውቀውን ቃል በጆሮህ የማታውቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ በፈተና ላይ መምህሬ «ዲድንት ዩ ፊኒሽ?» ብለው ጠየቁኝ። አልጨረስሁም ነበርና «የስ» አልኋቸው። ወረቀቴን ወስደው ሄዱ። ምን በደልሁ?

መልስ፦ ምንም አልበደሉም፤ በአማርኛ መልሰዋል። «አልጨረስህም?» ስንባል «አዎ፣ አልጨረስሁም» እንላለን፤ «አዎ» የጠያቂውን ግምት ማጽደቂያ ነው። እንግሊዝኛው የጠያቂውን ግምት ትቶ ድርጊቱን ብቻ ያያል፤ ካልተጨረሰ «ኖ»፣ ከተጨረሰ «የስ»። እስኪለምዱት ድረስ በአንድ ቃል አይመልሱ፤ «ኖ፣ አይ ዲድንት» ይበሉ፤ ግራ ከገባዎትም «የስ»ንም «ኖ»ንም ትተው «አይ ኒድ ሞር ታይም» (ተጨማሪ ጊዜ ያስፈልገኛል) ቢሉ ወረቀቱ እጅዎ ላይ ይቆያል።