መብራት አልሄደም፣ ፊልሙ ነው ያለቀው

ቅዳሜ ማታ አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ በምንሰበሰብባት ጠባብ አዳራሽ «ዘ ተርቲንዝ ፍሎር» («አሥራ ሦስተኛው ፎቅ») የተባለውን ፊልም አየን። መጨረሻ ላይ ምስሉ እንደ አሮጌ ቴሌቪዥን ጭልም ሲል ግማሹ ታዳሚ «መብራት ሄደ!» ብሎ ጮኸ። አንዱማ ሻማ ፍለጋ ተነሥቶ ነበር። ውይይቱ በሳቅ ስለ ተበተነ በወረቀት ላይ የሰጣችሁኝን ጥያቄዎች እዚህ እመልሳለሁ። ምስጢሩ ስለሚገለጥ ፊልሙን ያላየ ሰው ከዚህ በኋላ ባያነብ ይሻለዋል።

ታሪኩን ለማስታወስ ያህል፦ ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ኩባንያ የ1937ቷን ሎስ አንጀለስ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በኮምፒውተር ውስጥ ይሠራል። የዚያች ከተማ ነዋሪዎች ፕሮግራም መሆናቸውን አያውቁም፤ ሠሪዎቹ ግን ንቃተ ኅሊናቸውን ወደ ነዋሪዎቹ አካል እያስገቡ ይጎበኟታል። የፈጠራው ባለቤት ፉለር ይገደላል። ተጠርጣሪው ረዳቱ ዳግላስ ሆል ሲሆን፣ ያን ሌሊት የት እንደ ነበረ አያስታውስም።

ጋሼ፣ ይህ ከ«ማትሪክስ» የተቀዳ አይደለም?

አይደለም። ሁለቱም በ1999 እ.ኤ.አ. ነው የወጡት፤ «ማትሪክስ» በአሜሪካ የቀደመው በሁለት ወር ገደማ ብቻ ነው። በሁለት ወር ፊልም አይቀዳም። የዚህኛው መነሻ ዳንኤል ጋሉይ በ1964 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው፤ ጀርመናዊው የፊልም ዳይሬክተር ፋስቢንደርም በ1973 ለቴሌቪዥን በሁለት ክፍል ሠርቶታል። ለነገሩ «ማትሪክስ» ጥይቱንና ጥቁር መነጽሩን ይዞ መጣና ይህን ምስኪን ፊልም ጋረደው።

ፉለርን የገደለው ሆል ነው ወይስ አይደለም?

ከወረቀቶቹ አምስቱ የያዙት ይህንኑ ጥያቄ ነው፤ የፊልሙም ልብ እዚህ ላይ ነው።

እጁ የሆል ነው፤ ገዳዩ ግን ሌላ ነው። የሆል ዓለም ራሱ በ2024 ሰዎች የተሠራ ነው። ከዚያ ዴቪድ የተባለ ሰው ወደ ሆል አካል እየገባ ይገድላል፤ ሲወጣ ሆል በደም የተበከለ ሸሚዝ ታቅፎ ይቀራል። ለዚህ ነገር እኛ የቆየ ቃል አለን። ዛር የሚሰፍርበት ሰው «የዛሩ ፈረስ» ይባላል፤ ሲጋለብ የተናገረውንና ያደረገውን፣ ዛሩ ሲለቀው አያስታውስም። ሆል ፈረስ ነው፤ ዴቪድ ጋላቢ።

ግን ለሆል ብዙ አትዘኑለት። እሱም ወደ 1937 ሲወርድ ፈርጉሰን የተባለ የባንክ ሠራተኛ አካል ውስጥ ገብቶ ሲጋልበው ነበር፤ ፈቃዱን አልጠየቀውም። ፉለርም ቢሆን በአንድ ባለ ትዳር ሽማግሌ አካል ከወጣት ሴቶች ጋር ሲማግጥ ከርሞ፣ መዘዙን ለሽማግሌው ትቶለት ይመለስ ነበር። ብዙዎቻችሁ «የምንኖርበት ዓለም እውነት ነውን?» ብላችሁ ጽፋችኋል። እኔን ይበልጥ ያስጨነቀኝ ግን ከታች ያለውን ሰው እንደ ፈረስ መቁጠር እንዴት እንደሚቀል ነው።

የሆል የሥራ ባልደረባ ዊትኒ ድንገት ሌላ ሰው የሆነው ለምንድን ነው?

ጋላቢው በፈረሱ አካል ውስጥ ሳለ ከሞተ፣ የፈረሱ ንቃተ ኅሊና ወደ ላይ ወጥቶ የጋላቢውን አካል ይወርሳል። ዊትኒ የ1937ቱን የቡና ቤት አሳላፊ የአሽተንን አካል ይዞ ሳለ ሞተ፤ አሽተንም በዊትኒ አካል ነቃ። ይህን ያስተዋለ ሰው የፊልሙን መጨረሻ ቀድሞ ያውቀዋል።

የዓለም ዳርቻ ላይ የሚታዩት አረንጓዴ መስመሮች ምንድን ናቸው? እኛስ በመኪና ከወለንጪቲ ብናልፍ እናያቸዋለን?

ከወለንጪቲ ብታልፍ መተሃራ ትደርሳለህ፤ እየሰፋ መንገዱን ያስቸገረውን የበሰቃ ሐይቅንም ታያለህ። እኔ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ፣ አረንጓዴ መስመር አላየሁም።

መስመሮቹ ያልተጠናቀቀ ምስል አጽም ናቸው። ኮምፒውተሩ ነዋሪዎቹ የማይሄዱበትን ቦታ በመሥራት አይደክምም። የዛሬ የኮምፒውተር ጨዋታዎችም የሚሥሉት ተጫዋቹ የሚያየውን አቅጣጫ ብቻ ነው። ኢቫን ሰዘርላንድ በ1968 በሠራው ራስ ላይ የሚጠለቅ መሣሪያ ይታዩ የነበሩትም እንዲህ ያሉ ባዶ መስመሮች ነበሩ። መሣሪያው ከባድ ስለ ነበረ ከጣሪያ ላይ ተሰቅሎ ነበር የሚያዘው።

ዛሬ ያለው፣ በኮምፒውተር የተሠራ ዓለም የሚያሳየው መነጽር ፊልሙ ላይ ያለው ደረጃ ይደርሳል?

አይደርስም። መነጽሩ ለእያንዳንዱ ዓይን ትንሽ የተለያየ ምስል ያሳያል፣ የጭንቅላትንም እንቅስቃሴ ይከተላል። ምስሉ ከአንገት ዞር ማለት ትንሽ ከዘገየ ያጥወለውላል። የሚያታልለው ዓይንንና ጆሮን ነው፤ ንቃተ ኅሊናን አይነካም።

ለምን 13ኛ ፎቅ?

ኩባንያው የሚገኘው እዚያ ፎቅ ላይ ነው። ፈረንጅ 13 ቁጥርን ስለሚፈራ ብዙ ሕንፃዎች ከ12 ወደ 14 ይዘላሉ። 13ኛ ወር ላለን ለእኛ ቀልዱ ብዙም አይገባም።

መጨረሻው እውነተኛው ዓለም ነው?

ሆል በዴቪድ አካል በ2024 ይነቃል፣ የሚወዳትንም ሴት ባሕር ዳር ያገኛታል። ደስ የሚል ነው፤ ግን ማብሪያ ማጥፊያውን የተጫነው ማን ነው? ምስሉ በዚያ መንገድ የጠፋው ከ2024ም በላይ ሌላ ፎቅ እንዳለ ለመጠቆም ይመስለኛል። ስለዚህ ሻማ ፍለጋ የተነሣው ልጅ ነገሩ ከሁላችንም በተሻለ ገብቶታል።