ቀጠሮ በስልክ ስለማስታወስ ጠይቁኝ

ደብረ ብርሃን ነኝ፤ ነርስ ነኝ። ታካሚ ቀጠሮ እንዳያልፈው መልእክት መላክ ሥራዬ ነው። አስቀድሜ ልናገር፦ መልእክቱ ላይ የበሽታ ስም እንዳትጽፉ።

ከመሐል ሜዳ፦ ሲስተር፣ የትኛው አፕ ይሻላል?

መልስ፦ ለምኑ? ለክትባት? ለቲቢ? እንዲህ ተጠይቆ መልስ የለውም። በተን ስልክ ለያዘ ሰው አፕ ምን ያደርግለታል?

ከሸዋ ሮቢት፦ መልእክቱ ይደርሳል፤ ሰዎቹ ግን በተሳሳተ ሰዓት ይመጣሉ።

መልስ፦ ይህንን ነበር የምጠብቀው! ሲስተማችሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚልከው። «9 ሰዓት» የተባለ ገበሬ ከምሳ በኋላ 9 ሰዓት ላይ ከች ይላል፤ እናንተ የጠበቃችሁት ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ካርዱ ጥቅምት 13 እያለ ስልኩ ኦክቶበር 23 ይለዋል፤ ማንን ይመን? እንዲህ ላኩ፦ «ሐሙስ ጥቅምት 13፣ በሚካኤል ማግስት፣ ጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮ አለዎት»። ሰላምታ አትደርድሩበት። በላቲን 160 ፊደል የሚይዘው አንድ መልእክት በእኛ ፊደል 70 ብቻ ነው የሚይዘው፣ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል፤ ካለፈ ለሁለት ይከፈልና የሁለት ሂሳብ ትከፍላላችሁ።

ከአረርቲ፦ የኤች አይ ቪ ክትትል ላይ ላሉትስ?

መልስ፦ ደገምኩት፦ የበሽታ ስም አይጻፍ። የክፍሉም ስም አይጻፍ። ስልኩ የቤተሰብ ነው፤ ልጅ ጮክ ብሎ ያነበዋል። ካርድ ሲወጣ «መልእክት ይላክልዎ? ስልኩስ የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የኬንያ ጥናት ላይ በሳምንት አንዴ የሚላከው «ማምቦ?» ብቻ ነበር፣ እንደ «እንዴት ነህ?» ማለት ነው። ስለ በሽታ አንድም ቃል ሳይኖረው መድኃኒት አወሳሰዳቸው ተሻሽሏል።

ከደብረ ሲና፦ ሰው እኮ የሚቀረው ረስቶ አይደለም፣ የመኪና ብር አጥቶ ነው።

ከመሐል ሜዳ፦ ልክ ነህ! ከታሪፍ በላይ ነው የሚያስከፍሉን።

ከሸዋ ሮቢት፦ ለመናኸሪያው ተናገራ፣ እዚህ ምን ያደርግልሃል?

ከመሐል ሜዳ፦ ተናግሬ ማን ሰማኝ?

መልስ፦ የታሪፉን ጉዳይ ሌላ ቦታ ጨርሱ። የደብረ ሲናው ግን እውነቱን ነው፤ መልእክት የረሳውን ነው እንጂ ያጣውን አያመጣም። ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ላኩ፣ ካልተመቸው ደውሎ ቀኑን የሚያስቀይርበት ቁጥር ስጡት።

ከመሐል ሜዳ፦ እና አፑስ?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ከእነዋሪ፦ ማንበብ ለማይችሉስ?

መልስ፦ ደውሉ። ካልተነሳ ለቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ንገሯት፣ ቤቱን ታውቀዋለች። ሌላ ሰው ካነሳው ግን ስለ ሕክምና ትንፍሽ እንዳትሉ፤ «ቆይቼ እደውላለሁ» ብላችሁ ዝጉ።