ጡረታ ወጥተው የተቀጠሩት መምህርና የ1963 ነገር

ጥያቄ፦ በ2015 ዓ.ም. 60 ዓመት ሞልቶኝ ከመንግሥት መምህርነት በጡረታ ወጣሁ፤ አበሌንም በየወሩ እያገኘሁ ነው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ እዚሁ ጅማ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ጡረታዬ ይቋረጥብኛል? ከደመወዜ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይቆረጣልና ሁለተኛ ጡረታስ ያስገኝልኛል? የቀበሌ መታወቂያዬ ጊዜው አልፎበት ስለነበር የመዘገቡኝ ለሐጅ ያወጣሁትን ፓስፖርት አይተው ነው፤ እሱ ላይ 1963 ይላል።

መልስ፦ ሐጂ፣ የመጀመሪያው ጥያቄዎ አያስጨንቅም። በግል ድርጅት ተቀጥሮ መሥራት የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታዎን አያሳጣዎትም። ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ልመለስ ካሉ ግን ነገሩ ይለያል፤ ከማኅበራዊ ዋስትና ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ መልስ ሳይዙ እንዳይፈርሙ። አገልግሎታቸው የተራዘመላቸውን ባልደረቦችዎንም ምሳሌ አያድርጉ። እነሱ ገና ጡረታ አልወጡም፤ የሚበሉት ደመወዝ እንጂ አበል አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ልምጣ። 63 ዓመት የሞላውን ሰው ትምህርት ቤቱ በምን ሒሳብ መዋጮ ከፋይ አደረገው? መልሱን እርስዎ በመጨረሻው መስመር ላይ እንደ ዋዛ ጣል አድርገውታል። ፓስፖርት የሚጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የእነሱ 1963 የእኛ 1955 ነው፤ በ2015 ዓ.ም. 60 ከሞላዎት ጋር ይገጥማል። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ግን 1963ን እንደ ዓመተ ምሕረት ወስዶ የ55 ዓመት ሰው አድርጎ መዝግቦዎታል። የሒሳብ መምህር ነዎት፤ ከ2018 ላይ 1963 ሲቀነስ ስንት እንደሚቀር ለእርስዎ አልነግርም። አይተውታል፣ ዝም ብለዋል። ምናልባት ሁለተኛ ጡረታ ትመጣልኝ ይሆናል ብለው ነው።

እንዲህ ያለው ጉዳይ በተደጋጋሚ ይገጥመኛልና ረዘም አድርጌ ልናገር። በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1267/2014ም ሆነ በግል ድርጅት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መደበኛው የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ነው፤ ለዘለቄታ አበል፣ ማለትም በየወሩ ለሚከፈለው ጡረታ፣ ደግሞ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ይጠየቃል። በተሳሳተው ዘመን ቢሰላ እንኳ 60 እስኪሞላዎት የሚቀረው 5 ዓመት ነው፤ 10 አይሞላም። በትክክለኛው ዘመን ከሆነ መስመሩን ካለፉ 3 ዓመት ሆኖዎታል። ከእርስዎ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ እየተከፈለ በ55 ዓመት ሰው ስም ማኅደር ይሞላል፤ እንዲያ ያለ የ55 ዓመት ሰው ግን ከወረቀቱ ውጭ የለም።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ለጡረታ የሚያዘው ዕድሜ ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር ያስመዘገበው ነው። የእርስዎ የሕይወት ታሪክ ፎርም ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት ጊዜ ተሞልቶ ከሆነ እዚያ ላይ የሰፈረው 1955 ነው የሚጸናው። አንድ ቀን ሁለቱ ማኅደሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ጥያቄው ከአዲሱ መዋጮ ወደ ዋናው አበልዎ ይዞራል፤ «የትኛው ነው እውነተኛው?» ይባላሉ። የጸሐፊ ስህተት እያወቁ የተጠቀሙበት ቀን የጸሐፊው ብቻ መሆኑ ይቀራል። ያለ አግባብ የተከፈለን ገንዘብ ማስመለስ እንደሚቻል የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይደነግጋል፤ እያወቁ ሐሰተኛ ማስረጃ ማቅረብ ደግሞ በወንጀል ያስጠይቃል። ለጥቂት ብር መዋጮ የ60 ዓመት ስምዎን አያስይዙ።

ስለዚህ ለትምህርት ቤቱ አጭር ደብዳቤ ይጻፉ፦ የልደት ዘመኔ 1955 ዓ.ም. ነው፣ የመንግሥት ጡረተኛ ነኝ፣ የተመዘገበው ይታረም፣ የተቆረጠው መዋጮም ወዴት እንደተላከ በጽሑፍ ይገለጽልኝ። የጡረታ መታወቂያዎን ኮፒ አያይዙ። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥርና ማኅተም ያረፈበት ቅጂ እጅዎ ላይ ይቅር፤ ለዳይሬክተሩ በቃል ነግሬዋለሁ ማለት ፍርድ ቤት አይሰማም። የደመወዝ መክፈያ ወረቀቶችዎንም ከመስከረም ጀምሮ ሰብስቡ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝና መሰል ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ (ጊዜው አልፏል ተብሎ) ይታገዳልና «ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ አነሳዋለሁ» አይበሉ።

ስለ ውልዎም አንድም ቃል አልጻፉልኝም። የጽሑፍ ውል ከሌለዎት አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራ ሁኔታውን የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ሊሰጥዎት ይገባ ነበር፤ አሁንም ይጠይቁ።

ይህ ሁሉ ግን ፎርሙን የሞላው ጸሐፊው ከሆነ ነው። በራስዎ እጅ «1963 ዓ.ም.» ብለው ጽፈው ፈርመው ከሆነ ደብዳቤውን ከማስገባትዎ በፊት የፎርሙን ኮፒ፣ ፓስፖርቱንና የጡረታ መታወቂያዎን ይዘው ጅማ ካለ ጠበቃ ጋር ይቀመጡ። የደብዳቤው አጻጻፍ ያኔ ይለወጣል።