የተሳላሚዎችን የማኅተም ደብተር መያዝ ለኦርቶዶክሳዊ ምእመን ይፈቀዳልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? የምኖረው በጀርመን አገር ነው፤ የምሠራውም በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። አብረውኝ የሚሠሩ ሦስት ካቶሊካውያን በነሐሴ ወር ወደ ስፔን ሄደው፣ ሳሪያ ከምትባል ከተማ ተነሥተው፣ የሐዋርያው ያዕቆብ መቃብር ይገኝባታል እስከምትባለው እስከ ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ ከተማ ድረስ በእግር ሊጓዙ ነው። ጋበዙኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ። አንደኛዋ የተጣጠፈ ካርቶን ሰጠችኝና «ይህ የተሳላሚ ፓስፖርት ነው፤ በየደረስንበት ማኅተም እናስመታበታለን» አለችኝ። በመጨረሻ በላቲን የተጻፈ የምስክር ወረቀት እንደሚሰጥ፣ ከፈለግሁም ዐምና ላረፈው አባቴ መታሰቢያ ላደርገው እንደምችል ነገረችኝ። ለእናቴ በስልክ ስነግራት ግን «የካቶሊክ ማኅተም እንዳትቀበዪ» ብላ አለቀሰች። ማኅተሙን ማስመታት ኃጢአት ነውን? ወረቀቱ ለአባቴ ነፍስ ይጠቅማልን? እግሬን ቢያመኝ በአውቶቡስ እየሄድኩ ባስመታስ? ጉዞው ጾመ ፍልሰታ ላይ ስለዋለ ጾሙንስ እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ ሰላመ እግዚአብሔር ከአንቺ ጋር ይሁን፣ እኅቴ። ከእናትሽ ልቅሶ ልጀምር። ነገሩን በስልክ ብቻ ለሰማ ሰው «የካቶሊክ ማኅተም» ሲባል በራእይ መጽሐፍ ከተነገረው የአውሬው ምልክት ጋር ቢቀላቀልበት አይፈረድበትም። በዐይኗ ብታየው ግን ፍርሃቷ የሚበርድ ይመስለኛል። ስፔኖች ክሬዴንሲያል የሚሉት ይህ ደብተር እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋ ወፍራም ወረቀት ነው። በአንደኛው ገጽ ስምሽና የመታወቂያ ቁጥርሽ፣ የተነሣሽበት ቦታ፣ በእግር፣ በብስክሌት ወይም በፈረስ መጓዝሽ ይሞላል፤ የቀረው ባዶ ሳጥን ነው። በየሳጥኑ ማኅተም ይመታል፣ ቀን ይጻፋል። የሚመታውም አንዳንድ ጊዜ የደብሩ ቄስ፣ አንዳንድ ጊዜ የማደሪያው ጠባቂ፣ ብዙ ጊዜም የቡና ቤት አሳላፊ ነው። በቡና ቤቱ ባንኮኒ ላይ ማኅተሙ ከነቀለሙ ተቀምጦ ተጓዡ ራሱ መትቶ የሚያልፍበትም አለ። ቡና ቀድቶ የሚያቀርብ ሰው የሚመታው ማኅተም ሃይማኖት አያስለውጥም።

አመጣጡ መሸኛ ደብዳቤ ነው። በመካከለኛው ዘመን ሩቅ አገር ለመሳለም የሚነሣ አውሮፓዊ ከደብሩ ቄስ ወይም ከጳጳሱ ደብዳቤ ተቀብሎ ይወጣ ነበር። የተሳላሚ ልብስ ለብሶ፣ በትርና ቅል ይዞ የሚዘርፍ ወንበዴ ስለነበረ፣ ማደሪያ የሚሰጡ ሰዎች የእንግዳውን ማንነት ማወቅ ነበረባቸው። ሲመለስ ደግሞ መድረሱን የሚያሳይ ነገር ያስፈልገው ነበር። በዛሬዋ ቤልጅየም አካባቢ በነበሩት በፍላንደርስ ከተሞች ዳኞች ወንጀለኛውን «ሳንቲያጎ ተሳልመህ ና» ብለው የሚቀጡበት ጊዜ ነበርና፣ የተፈረደበት ሰው ማስረጃ ይዞ መመለስ ግዴታው ነበር። የባሕር ዛጎል ምልክት ሆኖ ያገለግል ነበር፤ ዛጎሉ ሳይሄዱ የሚገዙት ሸቀጥ ሲሆን ጊዜ ግን ደብዳቤው የበለጠ ታመነ።

ይህ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ እኅታችንን ፌቤንን ለሮም ምእመናን አደራ ብሎ ጽፎላታል (ሮሜ 16፥1)። በሐዋርያት ቀኖናም ከሌላ አገር የመጣ ካህን የምስክር ደብዳቤ ካልያዘ እንዳይቀበሉት ታዝዟል። ዛሬም ቢሆን መሸኛ ሳይዝ ወደ ሌላ አጥቢያ የሚሄድ አገልጋይ ምን እንደሚገጥመው ቤተ ክህነት ደጅ የጠና ሁሉ ያውቀዋል። አንቺ የያዝሽው ካርቶን የዚሁ ዘመድ ነው፤ በተሳላሚዎች ማደሪያ አልጋ የሚሰጥሽ እርሱን ስታሳዪ ነው። መድረስን በምልክት መመስከርም የካቶሊኮች ብቻ ልማድ አይደለም። ኢየሩሳሌምን የተሳለሙ የግብፅና የአርመን ክርስቲያኖች በአሮጌው ከተማ የመስቀል ንቅሳት ከነዓመተ ምሕረቱ በክንዳቸው ላይ ያስነቅሱ እንደነበር የታወቀ ነው። ስለዚህ ደብተሩን መያዝም ማስመታትም ኃጢአት አይደለም።

የአውቶቡሱን ጥያቄ ቶሎ ልጨርሰው። ሥርዓቱ እንደሚለው የምስክር ወረቀቱን የሚቀበል እግረኛ ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር፣ ብስክሌተኛ ደግሞ 200 ኪሎ ሜትር መጓዝ አለበት። ሳሪያ ከሳንቲያጎ ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት ስለምትበልጥ ነው ሰው ሁሉ ከዚያ የሚነሣው። በእነዚህ በመጨረሻዎቹ ቀናት በቀን ሁለት ማኅተም የሚጠየቀውም በተሽከርካሪ የሚያቋርጠውን ለመለየት ነው። እግርሽን ካመመሽ አውቶቡስ ተሳፈሪ፤ በሽታ ኀፍረት የለውም። ግን «በእግሬ መጣሁ» ብለሽ ወረቀቱን አትቀበዪ። በሐዋርያ መቃብር ደጅ ቆሞ ስለ እግር ጉዞ መዋሸት ምን የሚሉት መሳለም ነው?

ወረቀቱ ከደብተሩ የተለየ ስለሆነ ብቻውን እንየው። ኮምፖስቴላ የሚባለው ይህ ወረቀት የሚሰጠው በሳንቲያጎ ካቴድራል ስም ነው፤ በላቲንም ሰውየው ቦታውን «ስለ አምልኮ» እንደተሳለመ ይመሰክራል። በተሳላሚዎች ጽሕፈት ቤት የተነሣሽበትን ምክንያት ይጠይቁሻል፤ ለመዝናናት ወይም ለስፖርት የመጣ ሰው ሌላ ዓይነት ወረቀት ይሰጠዋል። አንቺ ሐዋርያውን ለመሳለም ከሄድሽ ይህንኑ መናገር እውነት ነውና ወረቀቱን ብትቀበዪ አልከለክልሽም። ከባልደረቦችሽ ጋር ለሽርሽር ከሄድሽ ደግሞ ሽርሽር በዪው፤ እርሱም ነውር አይደለም። በ2024 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በዚያ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቧል፤ ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ለምን እንደሄደ በትክክል የሚያውቀው ምን ያህሉ እንደሆነ ግን እንጃ።

ወደ አባትሽ ልምጣ፤ ከጥያቄዎችሽ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። ባልደረባሽ የነገረችሽ እውነት ነው። በሞት ለተለየ ወይም በሕመም ምክንያት መሄድ ላልቻለ ሰው የተጓዘ ተሳላሚ ቢጠይቅ፣ ከስሙ ሌላ የዚያ ሰው ስም በወረቀቱ ላይ ይጻፍለታል። የአባትሽን ስም በዚያ ወረቀት ላይ ማየት ልብሽን እንደሚያጽናናው አውቃለሁ። ለነፍሱ የሚጠቅመው ግን ጽሕፈቱ አይደለም። ስለ ሙታን የምንጸልየው ሐዋርያዊ ትምህርት ስለሆነ ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ሄኔሲፎሩ በዚያ ቀን ከጌታ ምሕረትን እንዲያገኝ ጸልዮለታል (2ኛ ጢሞ 1፥18)። ቤተ ክርስቲያናችን ለአንቀላፉት ያዘጋጀችው ጸሎተ ፍትሐቱ፣ ቅዳሴው፣ የዐርባውና የሙት ዓመቱ መታሰቢያ፣ ለድኃ የሚሰጠው ምጽዋት ነው። ጉዞውንም ለእርሱ ማድረግ ትችያለሽ፤ በየዕለቱ ስትነሺ የክርስትና ስሙን ጠርተሽ «አቤቱ፣ ነፍሱን በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ አኑርልኝ» በዪ። በመንገድ ያገኘሽውን ችግረኛ በስሙ መጽውቺ። ከመነሣትሽ በፊትም ስሙን ለደብርሽ ካህን አስታውቂና በቅዳሴ ይታሰብ። ይህን ሁሉ አድርገሽ በወረቀቱም ላይ ስሙ ቢጻፍ መታሰቢያ ነው። ይህን ትተሽ ወረቀቱን ብቻ ብታስጽፊ ግን ለአባትሽ ያደረግሽለት ነገር የለም።

የአበው ታሪክ አንድ ነገር ይነግረናል። በበረሃ የሚኖር አንድ አረጋዊ መነኩሴ ውኃ የሚቀዳው ከበዓቱ እጅግ ርቆ ነበር። አንድ ቀን ደክሞት «ለምን ይህን ያህል እለፋለሁ? ወደ ውኃው ቀረብ ብዬ ብኖርስ?» አለ። ዘወር ሲል አንድ ሰው ከኋላው እየተከተለ እርምጃውን ሲቆጥር አየ። «አንተ ማን ነህ?» ቢለው «የእግዚአብሔር መልአክ ነኝ፤ እርምጃህን ቆጥሬ ዋጋህን እንድሰጥህ ተልኬአለሁ» አለው። አረጋዊው ይህን ሰምቶ በዓቱን ከውኃው ይበልጥ አራቀው። ቁሉቢ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣ ስለት ከፋይ አይተሽ ይሆናል። ላቡ በዐይኑ እየገባ፣ ትከሻው እየላጠ ይወጣል፤ ደጁ ሲደርስ ድንጋዩን ያወርድና ይሳለማል። ማንም ማኅተም አይመታለትም፤ እርሱም አይጠይቅም።

ይህን የምልሽ እኛ ከወረቀት የጸዳን ነን ለማለት አይደለም። ስለት ስንሰጥ የደብሩ ገንዘብ ያዥ ደረሰኝ ይቈርጥልናል፤ «ያለ ደረሰኝ ገንዘብ አትስጡ» የሚል ማስታወቂያም በየአጥቢያው ግድግዳ ላይ አለ። ደረሰኙ ገንዘቡ በትክክል መግባቱን ያሳያል እንጂ ስለቱ በእግዚአብሔር ዘንድ መሥመሩን አያሳይም። የአንቺም ማኅተሞች እንደዚያው ናቸው። ወረቀቱን በመስታወት አስገብተሽ ሳሎን ብትሰቅዪው ግን «ግራህ ቀኝህ የምትሠራውን አትወቅ» የሚለውን ቃል አስቢ (ማቴ 6፥3)። ፎቶግራፉን በየዕለቱ ለወዳጅ ዘመድ ከመላክም ብትታቀቢ እወዳለሁ።

መጠንቀቅ ያለብሽ ከማኅተሙ ይልቅ በካቴድራሉ ውስጥ ነው። በየዕለቱ ለተሳላሚዎች የሚደረግ ቅዳሴ አለ። ቆመሽ ብትጸልዪ ማንም አያስወጣሽም፤ ከእነርሱ ጋር ግን አትቁረቢ፤ በሥጋ ወደሙ አንድ አይደለንም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ኢንዱልጀንስ የምትለውን፣ ለኃጢአት የሚገባውን ጊዜያዊ ቅጣት ማስቀረትም ቤተ ክርስቲያናችን አታስተምረውም። በእነርሱ ሥርዓት ይህን ለማግኘት ኑዛዜ፣ ቁርባንና ለሮም ፖፕ ሐሳብ መጸለይ ይጠየቃል። የሐዋርያው በዓል፣ ሐምሌ 25 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ እሑድ የሚውልበት ዓመት የተለየ የኢዮቤልዩ ዓመት ተብሎ ይከበራል፤ የሚቀጥለው 2027 ነው፤ ያን ጊዜ የኢንዱልጀንስ ወሬ ይበዛብሻልና ዕወቂው። ከመንበሩ በስተኋላ ወጥቶ የሐዋርያውን ሐውልት ማቀፍም የእነርሱ ልማድ ነው፤ አንቺ ከመንበሩ በታች ወዳለው፣ የብር ሣጥኑ ወዳለበት ክፍል ወርደሽ ጸልዪ።

ሐዋርያው ግን የእኛም ነው። የዘብዴዎስ ልጅ ያዕቆብ፣ የዮሐንስ ወንድም፣ ሄሮድስ በሰይፍ ያስገደለው ነው (ሐዋ 12፥2)። ስንክሳራችን ዕረፍቱን በሚያዝያ 17 ያነብበዋል። ስፔኖች በዓሉን የሚያከብሩበት ቀን በእኛ ሐምሌ 18 ላይ ይውላል፤ በዚያ ቀን እኛ የምናስበው የጌታ ወንድም የተባለውን ሌላውን ያዕቆብ ስለሆነ እንዳታደባልቂያቸው። ሥጋው ወደ ስፔን ተወስዶ በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን መቃብሩ ተገኘ የሚለው የምዕራባውያን ትውፊት ነው። በሃይማኖት አንድ የሆንን አርመኖች ደግሞ በኢየሩሳሌም፣ በቅዱስ ያዕቆብ ካቴድራላቸው፣ የሐዋርያው ቅድስት ራስ አለች ብለው ያከብሯታል። ክርክሩን አንቺ አትፈችውም፤ እንድትፈችውም አይጠበቅብሽም። በአማላጅነቱ ታምነሽ ብትለምኚው ባለሽበት ይሰማሻል።

የቀረው ጾሙ ነው። ፍልሰታ ልጆች እንኳ የሚጾሙት ጾም ስለሆነ ፈረንጅ አገር ነኝ ብለሽ አትተይው። ከቻልሽ ባልደረቦችሽን ጉዞውን ወደ ጳጉሜን እንዲያሸጋግሩት ጠይቂያቸው፤ ሙቀቱም ይቀንሳል። ካልሆነ ምግቡን ጹሚ፤ ሰዓቱን ግን በቀን ከሃያ ኪሎ ሜትር በላይ በፀሐይ ስለምትሄጂ የንስሐ አባትሽ በሚወስኑልሽ መጠን አድርጊው። ሳንቲያጎ ባለችበት በጋሊሲያ ክፍለ ሀገር ድንችና ጎመን ያለበት ካልዶ ጋሌጎ የሚሉት ሾርባ ይቀርብልሻል። ሲያዩት የጾም ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የአሳማ ስብ ይገባበታል፤ ሳትጠይቂ አትቅመሺው። በመንገድሽ ላይ ካለችው ከሜሊዴ ከተማ ስትደርሺ ደግሞ ጓደኞችሽ ስምንት እግር ያለውን የባሕር እንስሳ ቀቅለው በሚያቀርቡበት ቤት ጎራ እንበል ማለታቸው አይቀርም፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለው ነው (ዘሌ 11፥10)፤ አብረሻቸው ተቀመጪ፣ ዳቦና ወይራ አዝዢ። የፓድሮን ቃሪያ በዘይት ጠብሰው ጨው ነስንሰው የሚያመጡት ይፈቀዳል፤ አልፎ አልፎ አንዱ እንደ ሚጥሚጣ ያቃጥላል፤ ይህ ለሐበሻ ችግር አይደለም። ለንስሐ አባትሽ ከመነሣትሽ በፊት ደውዪላቸውና የምትሄጂበትንም የምትመለሺበትንም ቀን ንገሪያቸው።